የዩማ ሹሩባና ያልሄድኩበት ደሴት

ዓርብ ዓርብ ሪያድ ውስጥ ዑድ ወደሚባለው ሰፈር እወርዳለሁ፤ የልጅ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የምትኖርበት ክፍል እዚያ ነው። ባለፈው ዓርብ ጫማዬን አውልቄ ፍራሹ ላይ በቅጡ ሳልቀመጥ አንደኛዋ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«እማማ፣ ይቺን ይዩልኝማ! የከተማ ጉብኝት፣ የጥንት ሰዎች ፍርስራሽ፣ ከዚያ ደግሞ ደሴት! ሁሉም ባንድ ጉዞ፣ ያውም ከአስጎብኚ ጋር።»

«አውቀዋለሁ» አልኳት።

«ኧረ ባክዎ! የት ያውቁታል?»

የልጅ ልጄ ድስቱን እያማሰለች ሳቋን ለቀቀችው። «እማዬ ሄዳለች እኮ! ማለቴ፣ ሲሶውን ሄዳለች።»

«ሲሶ ደግሞ እንዴት ይኬዳል?»

«ከተማውን እሷ አየች፤ ፍርስራሹንና ደሴቱን ሌላ ሰው አየላት።»

ተሳሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ይሄን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ያ ጉዞ ሲነሳ ደረቴ ሥር እንደ ቃሪያ የሚለበልበኝ ነገር አለ። «ያላ፣ ያውሩን» ብለው ከበቡኝና አወራሁላቸው። ስጨርስ ደግሞ ይጻፉት አሉኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት እዚሁ ሪያድ ነው፤ ከአገር የሚላክልኝን መልእክት ሰው እያስነበብኩ ማፈር ሲሰለቸኝ። እንግዲህ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

ያን ጊዜም እንደ አሁኑ ዑረይጃ ሰፈር ነበርኩ፣ እዚያው ቤት። ቤቱ የከፊሌ፣ ማለት የአሠሪዬ፣ እና የሚስቱ ነው፤ እሷን ማዳም እንላታለን። እኔ ግን የተቀጠርኩት የከፊሌን እናት እንድጦር ነው። የቤቱ ልጆች ሁሉ «ዩማ» ይሏታል፣ እማዬ እንደ ማለት ነው። እኔም ዩማ አልኳት። እናት ደግሞ አንቱ አትባልም፤ ስለዚህ አንቺ እያልኩ ኖርኩ።

ዩማ እግሯ ከድቷት በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የምትንቀሳቀሰው። እግሯ ቢከዳትም ዓይኗ መንገድ ይወዳል። እኔም ከልጅነቴ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ወሎ እያለሁ የምገዛው ነገር ባይኖረኝም የሩቅ ወረዳ ገበያ አይቀርብኝም ነበር። ተገናኘን በሉት። አሱር ከተሰገደ በኋላ ወንበሯን እየገፋሁ ሰፈሩን አካልላለሁ። አንዳንዴ ሹፌሩ ዲራ ገበያ ያወርደንና በሱቆቹ መሐል ስንዞር እናመሻለን። ምንም አንገዛም። ዩማ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ትቆጣለች፣ «እንሂድ ቢንቲ» ትላለች። ቢንቲ ማለት ልጄ ማለት ነው። ሴት ልጅ አልወለደችም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ቢንቲ የሚባል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጠጉሯም የእኔ ነበር። ዓርብ ከመግባቱ በፊት ስድር በሚሉት የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ እንደ አገሬ ሹሩባ እሠራታለሁ። የዚህ አገር አሮጊቶች ሁለት ጉንጉን ጎንጉነው ይለቁታል። እኔ ግን ከግንባሯ ጀምሬ ቀጭን ቀጭን አድርጌ ወደ ኋላ እወስድና ማጅራቷ ላይ በክር እቋጥረዋለሁ። ጠጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ ነው፤ ሲሠራ ያምራል። ማዳም እንኳ ልንካው ብትል «ተይው፣ ቢንቲ ትሠራዋለች» ትላታለች። ይሄን ስሰማ ወር ሙሉ ሳልበላ ብውል የምጠግብ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እንዲህ ስሠራት ዩማ ድንገት ባሕር አነሳች። የበረሃ ልጅ ናት፤ ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም አላየሁም። በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፤ ባሕሩ ተኝቼ ከሥሬ አለፈ።

«ቢንቲ፣ ሳልሞት ባሕር ባይ ደስ ይለኛል።»

«ኢንሻአላህ ታያለሽ።»

«ብቻዬን አላይም። እጄን ይዘሽኝ ነው። ያን ሁሉ ውኃ ባንድ ጊዜ ሳይ ልደነግጥ እችላለሁ።»

«እኔስ ብደነግጥ?»

«ያኔ አብረን እንጮኻለን!» ብላ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች።

እሷ ረስታው ይሆናል። እኔ ግን ቃሏን ያዝኩ። ሌላው ሰው ከዚህ አገር ወርቅ ያከማቻል፤ እኔ ያከማቸሁት ይቺን ነበር።

ከዚያ ሁለተኛ ሠራተኛ መጣች። ያገሬ ልጅ ናት፣ ከከሚሴ በኩል። ረጅም ናት፣ ክንዷ ብርቱ ነው፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እኔን «እትዬ» ትለኛለች። ልጠላት ብፈልግ ምክንያት አጣሁ፣ እሱም አናደደኝ። ማድቤቱና ልጆቹ ለእሷ ተሰጡ፣ ዩማ ለእኔ። ድንበሩ ይሄ ነበር። ግን ድንበር ሳይታወቅ ነው የሚገፋው። ዩማ ስትስል ውኃ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ሆነች። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ የዩማን እግር እያሸች አገኘኋት።

«እጇ ሙቅ ነው» አለችኝ ዩማ፣ ዓይኗን ጨፍና።

እጇ ሙቅ ነው! የእኔ ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውነቴ ሁሉ ጆሮ ሆነ። ከማድቤት ሳቅ ከሰማሁ እደርሳለሁ፤ ምን አሳቃችሁ እላለሁ፤ «ምንም» ይሉኛል።

በዚህ መሐል ነው ጉዞው የመጣው። በትምህርት ቤት ዕረፍት ከፊሌ ቤተሰቡን በሙሉ ለማስጎብኘት ከአስጎብኚ ጋር ተዋዋለ። መጀመሪያ ሪያድ ከተማ፣ ከዚያ ዑላ ያለውን የጥንት ፍርስራሽ፣ መጨረሻ ላይ ከጂዛን ማዶ ያሉትን የፈረሳን ደሴቶች። ዩማ ባሕር ልታይ ነው። እኔም።

የሪያዱን ቀን ሁላችንም ሄድን፤ ሚኒባሱ ሰፊ ነው። አስጎብኚው ነጭ ቀሚስ የለበሰ ጎረምሳ ነው፤ በእንጨት ላይ ትንሽ ብርቱካንማ ባንዲራ አስሮ እሷን እያውለበለበ ይመራናል። መስመክ ምሽግ ስንደርስ በሩ ላይ ተሰክቶ የቀረውን የጦር ጫፍ አሳየንና ማውራት ጀመረ። አያቆምም።

«ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚተነፍሰው?» አለችኝ ዩማ።

«ሲርበው» አልኳት።

ሳቋ ግቢውን ሞላው፤ ልጁም ለእሱ ታሪክ የሳቀች መስሎት ደስ አለው። አዲሷ ልጅ ራቅ ብላ የቤቱን ልጆች ይዛለች። ወንበሩ በእኔ እጅ ነው። ያን ቀን ማንም ሰው ደስታሽን ሽጪልኝ ብሎ ቢጠይቀኝ አልሸጥም ነበር።

ከሰዓት አናቱ ላይ ድልድይ ያለው ረጅሙ ፎቅ ላይ ወጣን። ዩማ ከመስታወቱ በታች ያለውን ስታይ እጄን ጨበጠች፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ።

«ባሕሩም እንዲህ ያስፈራ ይሆን?» አለች በሹክሹክታ።

«ማን ይይዘኛል ብለሽ ነው? እኔ እይዝሻለሁ።»

«ቤታችን በየት በኩል ነው?»

ወደ ዑረይጃ ጠቆምኩላት። አቧራ ነበር፣ ምንም አይታይም። «አየሁት» አለች። እኔን ደስ እንዲለኝ ነው እንዲህ ያለችው፣ ገባኝ። ልጅቷ «እትዬ፣ ዩማ፣ ወደዚህ!» ብላ ፎቶ አነሳችን። እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

ቤት ስንገባ፣ ገና አባያችንን ሳናወልቅ፣ ማዳም ተናገረች። «ነገ ከሠራተኛ የምትሄደው አንድ ብቻ ናት፤ የተቆረጠው ትኬት ለአንድ ነው። ዩማ ትምረጥ።»

እኔ የትኛውን ጫማ ለአሸዋ ላድርግ እያልኩ ነበር የማስበው። ዩማ ምንጣፉን ምንጣፉን አየች።

«ትንሿ ትሂድ» አለች። «ድንጋይና አሸዋ ላይ ወንበር ለመግፋት የወጣት ክንድ ይሻላል። አንቺ ቢንቲ፣ ቤቱን ጠብቂልኝ። ቁልፉን ላንቺ ካልሰጠሁ ለማን እሰጣለሁ?»

ቁልፍ! ሰው ባሕር ሲጠብቅ ቁልፍ ይሰጡታል። ቀኑን ሙሉ ወንበሩን የገፋው የማን ክንድ ነበር? «እሺ ዩማ» አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ማድቤት ስገባ ልጅቷ ተከተለችኝ።

«እትዬ፣ አንቺ ብትሄጂ ይሻላል። ልንገራቸው?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ተመርጠሻል፣ ሂጂ።»

«እኔ እኮ ባሕር ደስ አይለኝም።»

በልቤ፣ ይቺ ደግሞ የጠገበች! አልኩ። ሰው የተመኘውን በእጇ ይዛ ደስ አይለኝም ትለኛለች። እሷም ቀጥላ፣ «ከዚያ ምን ላምጣልሽ?» አለችኝ።

«ራስሽን አምጪ። ጨው እንደሆነ አለን።»

በማግስቱ ማለዳ የዩማን ሹሩባ ፈትቼ እንደ አዲስ ሠራሁት። አጥብቄ ሠራሁት። እስክትመለስ ድረስ ሌላ እጅ እንዳያስፈልገው፣ ማንም «ልንካው» ለማለት ሰበብ እንዳያገኝ።

«ቢንቲ! ቅንድቤ ግንባሬ ላይ ወጣ እኮ!»

«የባሕር ንፋስ ኃይለኛ ነው ይላሉ፤ ይጥበቅ።»

ማጅራቷ ላይ በጥቁር ክር ደጋግሜ ቋጠርኩት። የእኔ ቋጠሮ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚፈታው፤ የማያውቅ ሰው ቢጎትተው ይብስ ይጠብቃል። ከዚያ ሄዱ። አውሮፕላን ማረፊያ ልታደርሳቸው የመጣችው መኪና ከበሩ ስትወጣ ልጅቷ ከዩማ ጎን ተቀምጣ አየኋት። ዩማ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔ ቁልፉን አወዛወዝኩላት።

ያን ሰሞን አበባ አጠጣሁ፣ ምንጣፍ አራገፍኩ። ስልኬ ቲን ባለ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። ከዑላ ፎቶ በፎቶ ላይ መጣ። ተራራ የሚያህል አለት፣ ፊቱ ላይ በር ተፈልፍሎበት፣ አምድ ተቀርጾበት፤ ከሥሩ ዩማ በወንበሯ፣ ልጅቷ ከኋላዋ። «የጥንት ሰዎች መቃብር ነው እትዬ» ይላል ጽሑፉ። ድንጋይ መፈልፈል እኛም አገር አለ፣ ምን ብርቅ ነው አልኩ። ውሸቴን ነው። ያምር ነበር፤ ብርሃኑ እንደ ማር ነው። ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁና የዩማን ፊት አየሁ፣ ደስ ብሏታል። እኔ የሌለሁበት ደስታ እንዲህ ሙሉ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ደሴት በሚሄዱበት ቀን ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ቆልፌ ወጣሁ። ዲራ ሄጄ መስመክ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፣ ሰለቸኝ። ተነስቼ እግሬ ወደመራኝ ስሄድ የዓሣ ገበያ ደረስኩ። ባሕሩን ባላይ ዓሣውን ልይ ብዬ ገባሁ። በበረዶ ላይ ተደርድረዋል፤ ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ፣ ዓይኑ ከእኔ ዓይን የሚተልቅ አለ።

«ከየት ነው የመጣው?» አልኩት ሻጩን።

«ከጂዛን፣ ዛሬ። ስንት ልመዝንልሽ?»

«አልገዛም። ላየው ነው።»

«እህቴ፣ ይሄ ሙዚየም አይደለም» አለኝ በአማርኛ። ያገሬ ሰው ኖሯል! አፍሬ ወጣሁ። ሽታው ግን ልብሴ ላይ ቀረ፤ ቤት ገብቼም አሸተትኩት። ባሕር እንዲህ ይሸታል ማለት ነው አልኩ። ያን ቀን ከልጅቷ አንድ ፎቶ አልመጣም። ደስታ ስልኳን አስረስቷታል ብዬ እንደገና ተቃጠልኩ።

ተመለሱ። ልጆቹ ቆዳቸው ጠቁሯል፣ ኪሳቸው ዛጎል ነው። ዩማን አቅፌ ሳምኳት፤ ክፍሏ አስገብቼ መሸፈኛዋን አወረድኩላት።

ሹሩባው የእኔ አልነበረም። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ መንገዱ ጠማማ፤ ሲበላሽባት እየፈታች ስትጀምር፣ እየፈታች ስትጀምር የቆየች ሰው የሠራችው ነው። ክሩ ያው የእኔ ጥቁር ክር ነው። ቋጠሮው ግን የሰው ነው።

«ዩማ፣ ማን ፈታው?»

«ንፋሱ» አለችኝ፤ ዓይኔን ሳታይ።

የእኔን ቋጠሮ የሚፈታ ንፋስ አልተፈጠረም። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ እንደ ወትሮው ሠራሁት። ባሕሩን ከሌላ ሰው ጋር አይታዋለች፤ እሺ፣ ምን ይደረግ። ጠጉሯን ግን! ያንን እንኳ ሊያስቀሩልኝ አይችሉም ነበር? ከዩማ ጋር ለብዙ ቀን ከ«እሺ» እና «አይ» ውጭ አልተነጋገርንም። እሷም አላስቸገረችኝም፤ አንዳንዴ ብቻ ስሠራት እጇን ወደ ኋላ ልካ እጄን ትነካዋለች።

ልጅቷን ማድቤት ውስጥ እንደ ፖሊስ ጠየቅኋት።

«ደሴቱ እንዴት ነው?»

«አሸዋው ነጭ ነው እትዬ፣ እንደ ዱቄት። ሚዳቋ አለ። ከባሕሩ ውስጥ የበቀሉ ዛፎች አሉ። የድሮ የሉል ነጋዴ ቤት አለ፣ ግድግዳው ሁሉ ቅርጻ ቅርጽ ነው።» ልክ እንደዚያ አስጎብኚ ሳትተነፍስ ነው የምትናገረው።

«ፎቶውስ?»

«ስልኬ ባትሪው አልቆ ነበር።»

«ባሕሩስ? እሱ ምን ይመስላል?»

ሳህኑን አጠበች፣ አለቀለቀች፣ እንደገና አጠበችው። «ትልቅ ነው» አለች። በቃ። ለእኔ መንገር እንኳ ሰሰተች አልኩ። ከልጆቹ ተቀብላ ያመጣችልኝን ዛጎል የአበባው ማሰሮ ውስጥ ጣልኩት፤ አሁንም እዚያው ነው፣ አፈር ለብሶ።

ከዚያ በኋላ አብረን ሠራን፣ አብረን ጾምን፣ አብረን አፈጠርን። ውሏ ሲያልቅ አገሯ ለመግባት ወሰነች። በሩ ላይ «እትዬ፣ አፉ በይኝ» አለችኝ።

«ምን አድርገሽኝ?»

ልትናገር አፏን ከፈተች። ባሕርሽን ወሰድኩብሽ እንድትለኝ ጠበቅሁ፤ ብትለኝ እቅፍ አድርጌ አለቅስ ነበር መሰለኝ። «እንዲያው» ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች። መኪናው ጡሩንባ ነፋ።

ዩማ ደግሞ ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይታ፣ በዚሁ ቤት፣ በአልጋዋ ላይ ሄደች። የመጨረሻ ሹሩባዋን የፈታሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ የሴቶቹ ሳሎን ውስጥ እየዞርኩ ቡና የምቀዳው እኔ ነበርኩ። አንዲት ሩቅ ዘመድ ማዳምን ጠየቀቻት።

«ባሕር ለማየት ትመኝ ነበር፤ አየች ወይ ነፍሷን ይማረውና?»

ማዳም ራሷን ነቀነቀች። «ጂዛን ድረስ ወሰድናት። መርከቡ ጋ ስንደርስ ወንበሯን የምትገፋው ልጅ እጇን ለቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። ትንቀጠቀጣለች። ለካ በአውሮፕላን ከመምጣቷ በፊት፣ ገና ልጅ ሳለች፣ በዚያው ባሕር በጀልባ መጥታ ነበር። እህቷ ከአጠገቧ ውኃው ውስጥ ቀርታባታለች፤ እሷ ደርሳ ተይዛ ተመልሳለች። ማናችንም አናውቅም ነበር። አስጎብኚው መርከቡ ሊሄድ ነው ይላል፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ። ዩማ 'እናንተ ሂዱ፤ እኔ ከቢንቲ ጋር እቀመጣለሁ' አለች።»

ቢንቲ። ጀበናው እጄ ላይ ነበር። ፍንጃሉ ሞልቶ እስኪፈስ ቀዳሁ፤ ሴትዮዋ «ይበቃል፣ ይበቃል» አለችኝ።

«ከዚያስ?»

«ወደቡ ላይ የሴቶች መስገጃ ክፍል አለ፣ መስኮቱ ሙሉውን ባሕር ያያል። ዩማ ወንበሯን ጀርባውን ለመስኮቱ አስደርጋ፣ ልጅቷ ውኃውን እንዳታይ፣ እሷም አብራ ወደ ግድግዳው ዞራ ዋለች። ያን ያህል ተመኝታው አንዴም ዞር አላለችም። ልጅቷ ማንም እንዳያውቅባት ለምናት ስለነበር ሁላችንንም አስማለችን። አሁን ሁለቱም ከዚህ ቤት ሄደዋል፣ ምን ክፋት አለው ብዬ ነው።»

ደሴቱን ያን ዕለት ተውኩት፤ ለወደደ ይሁንለት። ከዚያ ወዲህ የምቀናው በዚያ ክፍል ነው፣ በዚያ ግድግዳ። ማዳም ግን አልጨረሰችም ነበር።

«የልጅቷ እጅ መንቀጥቀጡን አልተው ሲላት» አለች፣ «ዩማ ራሷ ሂና በተቀባ ጥፍሯ ያንን ጠባብ ቋጠሮ እየታገለች ፈታችና 'ሥሪልኝ' አለቻት። ስትጨርስ እንደገና ፈታችው፣ 'እንደገና ሥሪ' አለቻት። መርከባችን እስኪመለስ ድረስ እንዲህ ስትፈታ፣ እሷ ስትሠራ ነው የዋሉት።»